ውርጭ ነው ወይስ የመሬት መንቀጥቀጥ? የተበጠበጠ ጥንታዊ ደለል ፊት ስትቆሙ

ነገሩ የገባኝ በሰሜን ቤልጅየም፣ ከኔዘርላንድስ ድንበር ብዙም በማይርቅ አንድ የአሸዋና የጠጠር ማውጫ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ግድግዳው አራት ሜትር ያህል ይሆናል፤ ላዩ ቡናማ አፈር፣ ቀጥሎ ቢጫ አሸዋ፣ ከዚያ ግራጫ ደቃቅ ደለል፣ ከታች ኮረት። መሃሉ ላይ ግን ድርብርቡ በችኮላ እንደተጣጠፈ ነጠላ ተጨማዷል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ክንድ የሚያህል ቢጫ አሸዋ ግራጫውን ሰንጥቆ ቆሟል። ተማሪ ነበርኩ። አካባቢው የታወቀ የመሬት ስብራት እንዳለበት አንብቤ ስለመጣሁ ማስታወሻዬ ላይ «የመሬት መንቀጥቀጥ» ብዬ ጻፍኩ። አስተማሪዬ አካፋ አቀበሉኝና «መጨረሻው የት እንደሆነ አሳየኝ» አሉኝ። ግማሽ ሜትር ስቆፍር ያ አሸዋ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄዶ እንደ መርፌ ጫፍ ሆነና ጠፋ። ከታች የወጣ ቢሆን ኖሮ ወደ ታች ስከተለው ምንጩ ጋ ባደረሰኝ ነበር። የሰፋው አፉ ነው፤ የገባው ከላይ ነው። በረዶ ከፍቶት ኖሮ፣ በረዶው ሲቀልጥ ከላይ የተሞላ ስንጥቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ግድግዳ ፊት ስቆም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይሄ አሸዋ ከላይ ወረደ ወይስ ከታች ወጣ? ሌላው ምልክት ሁሉ ይህን ጥያቄ ያግዛል እንጂ አይተካውም።

ብርዱ እንዴት ይሠራል

ክረምት ስል የአውሮፓንና የሳይቤሪያን ክረምት ማለቴ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴን አይደለም። ዓመተ ምሕረቶቹም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሬቱ ከዓመት ዓመት በረዶ ሆኖ በሚቆይበት አገር፣ ፐርማፍሮስት በሚሉት፣ ብርዱ በድንገት ሲበረታ የቀዘቀዘው መሬት ይኮማተራል፤ ተኮማትሮም ይሰነጠቃል። በፀደይ የቀለጠ ውኃ ወደ ስንጥቁ ይወርድና እዚያው ይረጋል። በሚቀጥለው ክረምት መሬቱ እዚያው የሳሳበት ላይ እንደገና ይሰነጠቃል። በየዓመቱ የሚጨመረው አንድ ወይም ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ሺህ ዓመት ሲጠራቀም ግን ከሜትር በላይ የሰፋ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ የበረዶ ሽብልቅ ይሆናል። ኧርነስት ሌፊንግዌል በ1915 ከሰሜን አላስካ ያስረዳው፣ አርተር ላከንብሩክ በ1962 በስሌት ያጸናው ይህንኑ ነው። አየሩ ሲሞቅ በረዶው ይሄዳል፤ ቦታውን ከላይና ከጎን የሚናደው አሸዋና አፈር ይይዘዋል። እኛ የምናገኘው የዚያን ሽብልቅ መልክ የያዘ ሙሌት ነው።

ሁለተኛው የብርድ ሥራ ማቡካት ነው። ከፐርማፍሮስቱ በላይ በበጋ የሚቀልጥ፣ በክረምት የሚረጋ ንጣፍ አለ፤ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሜትር እስከ ሁለት ሜትር ይደርሳል። ውኃው ሲረጋ ያብጣል፣ ሲቀልጥ ይሟሽሻል፤ ይህ በሺህ ጊዜ ሲደጋገም ንጣፎቹ እንደ ሊጥ ይቦካሉ። ባለሙያዎች ክሪዮተርቤሽን የሚሉት ይህን ነው።

መንቀጥቀጡስ?

ውኃ የጠገበ ልቅ አሸዋ፣ ሰፍረው ሳይነቀንቁት እንዳስቀመጡት ቁና እህል ነው። ቁናውን ነቅነቅ ብታደርጉት እህሉ ዝቅ ይላል። በእህሉ መካከል ያለው አየር ስለሆነ በቀላሉ ያመልጣል። በመሬት ውስጥ ግን በአሸዋው ፍሬዎች መካከል ያለው ውኃ ነው፤ ቶሎ መውጫ ካጣ ግፊቱ ያድጋል፣ ፍሬዎቹን ይለያያቸዋል፣ አሸዋውም ለትንሽ ጊዜ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ሊክዊፋክሽን ይባላል። በላዩ የሸክላ አፈር ክዳን ካለ ክዳኑን ሰንጥቆ ይተፋል፤ የተንተከተከ ገንፎ እንደሚተፋው ማለት ነው። በ1964 በጃፓኗ ኒጋታ የአፓርታማ ሕንፃዎች ሳይፈርሱ ወደ ጎን የተጋደሙት ከሥራቸው ያለው አሸዋ እንዲህ ሆኖ ነው። ለዚህ የሚበቃው ነውጥ በአብዛኛው በመጠኑ ከ5 በላይ ነው፤ ከዚያ በታች እምብዛም አይሆንም።

እንዲህ የተበጠበጡ ንጣፎችን ሴይስማይት ብሎ የሰየማቸው ጀርመናዊው አዶልፍ ዛይላኸር ነው፣ በ1969። ቃሉ ምቹ ስለሆነ ብዙ ሰው ያለ ጥንቃቄ ይጠቀምበታል። እኔ ማስረጃው እስኪሟላ ድረስ «የተበጠበጠ ንጣፍ» ማለቱን እመርጣለሁ፤ ሴይስማይት ብላችሁ ከጀመራችሁ ፍርዱን ከምርመራው በፊት ሰጣችሁ ማለት ነው።

ግድግዳው ላይ የሚታየው

ማንካችሁን ይዛችሁ ፊቱን ፍቃችሁ አጽዱት፤ ቆሻሻ ግድግዳ ላይ የሚታየው ሁሉ ይዋሻል። ከዚያ ስንጥቁን ወደ ታች ተከተሉት። የብርድ ሽብልቅ አፉ ሰፊ፣ ጫፉ ቀጭን ነው፤ ከሥሩ ምንጭ የሚሆን ንጣፍ የለውም። ከታች የተተፋው የአሸዋ ጅማት፣ ዳይክ የሚሉት፣ ተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከታች ሰፋ ብሎ ወደ ላይ ይጠብባል፣ ሥሩም ከወጣበት የአሸዋ ንጣፍ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ይህ መያያዝ ከታየ ጉዳዩ ግማሽ በግማሽ አልቋል።

ጠርዙም ይናገራል። የበረዶ ሽብልቅ ሲያድግ ጎረቤቶቹን ይገፋል፤ ስለዚህ በግራና በቀኝ ያሉት ንጣፎች ወደ ላይ ይቀለበሳሉ፣ ወይም በረዶው ሲቀልጥ ወደ ውስጥ ያጎነብሳሉ። ሙሌቱ ራሱ የተንሸራተተና የተንጠለጠለ ይመስላል፤ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ ጎድጓዳ ሳህን ዓይነት። የመንቀጥቀጥ ጅማት ግን ክዳኑን እንደ ቢላ ነው የሚቆርጠው። በውስጡ ብታዩ ከታች ሻካራው፣ ወደ ላይ እየደቀቀ ይሄዳል፤ ግድግዳውን ታክከው የሚወጡ የፍሰት መስመሮች አሉ። ከሁሉ የምወደው ምልክት ግን ከሸክላው ክዳን ተገንጥለው በአሸዋው ውስጥ ተንሳፍፈው የቀሩ ቁርጥራጮች ናቸው። ከነበሩበት ከፍ ብለው ከተገኙ አሸዋው እየጠረገ ወደ ላይ እንደወጣ ሌላ ምስክር አያሻም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መንቀጥቀጥ መሬቱን ከፍቶ አፈር ከላይ ሊገባበትም ይችላል። ስለዚህ ከላይ መሞላት ብቻውን ብርድን አያረጋግጥም፤ ከታች መውጣት ግን ብርድን በእጅጉ ያርቃል።

ድንጋዮቹን አትርሱ። ውርጭ ድንጋይን ቀስ በቀስ ገፍቶ ያቆማል፤ ረጅም ጠጠሮች በቁማቸው ተሰልፈው ካያችሁ፣ አናታቸው ላይም የደቃቅ ደለል ቆብ ካለ፣ ብርድ እዚያ ብዙ ዘመን ሠርቷል። አፈሩ በስስ ስስ ገጽ የሚላቀቅ ከሆነም እንዲሁ፤ በመካከሉ የነበሩት ቀጫጭን የበረዶ ገጾች ትተውት የሄዱት መልክ ነው። ለጥቂት ደቂቃ የሚቆይ መንቀጥቀጥ እንዲህ ያለውን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ አይሠራም።

ከላይ ሆኖ ማየት

አንድ ግድግዳ የሁለት ስንጥቆችን ቅርጽ ያሳያል፤ በምን ዓይነት መረብ እንደተያያዙ ግን አያሳይም። ገንዘብና ፈቃድ ካላችሁ አንዱን ቦታ አግድም ግፈፉት። ካልሆነ የአየር ፎቶ ተመልከቱ፤ በደረቅ በጋ በአሮጌ የበረዶ ሽብልቅ ላይ የበቀለ እህል ከጎረቤቱ በቀለም ስለሚለይ መረቡ ከሰማይ ይነበባል። የብርድ ስንጥቆች ማሩን እንዳወጡለት የንብ ሰፈፍ፣ በትልቅ ልኬት፣ ባለብዙ ጎን ቤቶች ይሠራሉ፤ የአንዱ ቤት ስፋት ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 30 ሜትር ነው። የመንቀጥቀጥ ጅማቶች እንዲህ ያለ ሥርዓት የላቸውም። አብዛኛውን ጊዜ ከወንዝ ዳርቻ ጋር ትይዩ ይሰለፋሉ፤ ምክንያቱም ከሥሩ የፈሰሰ አሸዋ ላይ የተቀመጠው መሬት ወደ ወንዙ ይንሸራተታል።

በእኔ ግምት ሁለት ቀን ካላችሁ አንዱን ግድግዳ በጥልቀት ከመመርመር አንዱን ቀን በአየር ፎቶ፣ ሌላውን በወንዝ ዳርቻ በመመላለስ ብታሳልፉት ይሻላል። ለዚህ ከዋባሽ ሸለቆ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በአሜሪካ ኢንዲያናና ኢሊኖይ ድንበር ላይ ስቲቨን ኦበርማየርና ባልደረቦቹ በጀልባ ወንዞቹን እየተከተሉ ዳርቻዎቹን ፈተሹ። እስከ 2.5 ሜትር የሚሰፉ የአሸዋ ጅማቶች አገኙ። ወሳኙ ግን ስፋቱ ብቻ አልነበረም፤ ጅማቶቹ በቪንሰንስ ከተማ አካባቢ እጅግ ሰፊና ብዙ ሆነው፣ ከዚያ በራቁ ቁጥር እየቀጠኑና እየጠፉ መሄዳቸው ነው። ማዕከል አለው ማለት ነው። ብርድ ማዕከል የለውም፤ አገሩን ሁሉ እኩል ያለብሳል። ዕድሜውም ወደ 6,100 ዓመት ሆኖ ተገኘ። በዚያ ዘመን ኢንዲያና ውስጥ ፐርማፍሮስት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ብርድ በዕድሜ ብቻ ከክሱ ነፃ ወጣ። የመንቀጥቀጡ መጠን ከ7 በላይ እንደነበር ይገመታል።

ዕድሜ እንግዲህ ትልቁ ወንፊት ነው። በጨረር ካርቦን ወይም በአሸዋው የብርሃን ትውስታ ልኬት፣ ማለትም አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ ብርሃን ያየበትን ጊዜ በሚለካው ዘዴ፣ ዘመኑን አውጡ፤ ከዚያ በዚያ ዘመን እዚያ ቦታ ምን ያህል ይበርድ እንደነበር ጠይቁ። የበረዶ ሽብልቅ በተለምዶ የሚያድገው የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ወይም ከዚያ የባሰ ሲሆን ነው፤ በደቃቅ አፈር ላይ ትንሽ ሞቅ ባለም ይሆናል። በዚያው ንጣፍ ውስጥ የኦክ ዛፍ የአበባ ብናኝ በብዛት ካገኛችሁ፣ ዛፉ እንዲያ ባለ ብርድ ስለማያድግ፣ የብርዱን ነገር እርሱት።

ቅርጽ ሲያታልል

ስንጥቁን መለየት ቀላሉ ነው። የሚያስቸግረው የተጨማደደው ንጣፍ ነው፤ ያ የነጠላው እጥፋት። ጎድጓዶች፣ ወደ ላይ የሾሉ ምላሶች፣ ተቆርጠው የሰጠሙ እንክብሎች። ሰዎች ፎቶ ልከው «ይሄ የምን ነው?» ሲሉኝ እውነቱን ለመናገር ከፎቶ ብቻ አልመልስም። ምክንያቱ ይህ ነው፤ ፐርማፍሮስት ሲቀልጥም ውኃው መውጫ አጥቶ ደለሉ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፣ ከባዱ በቀላሉ ውስጥ ይሰምጣል። መንቀጥቀጥም በዚያው መንገድ ነው የሚሠራው። የቆሰቆሰው ይለያያል እንጂ ድርጊቱ አንድ ስለሆነ ቅርጹም መንታ ነው።

እዚህ ላይ የሚረዳው በዙሪያው ያለው ነው። የብርድ ቡካት ከጥንታዊው የመሬት ገጽ ይጀምርና በተመሳሳይ ጥልቀት ያበቃል፤ ሥሩ ጠፍጣፋ ነው፣ የፐርማፍሮስቱ አናት የነበረበት። ብዙ ኪሎ ሜትር ተመሳስሎ ሊሄድም ይችላል። የመንቀጥቀጡ ግን በድርብርቡ መካከል ይገኛል፤ ከሥሩ ያልተነካ ንጣፍ፣ ከላዩ የተበጠበጠውን አናት አስተካክሎ የተኛ ሌላ ያልተነካ ንጣፍ። ከዚያ ሜትር ወጣ ብሎ ሌላ የተበጠበጠ። መሬቱ ተነቀነቀ፣ ተረጋጋ፣ ደለል ተጠራቀመ፣ እንደገና ተነቀነቀ።

ይህ በሰው ዕድሜ የታየበት ቦታ አለ። በየካቲት 1971 የካሊፎርኒያው የሳን ፈርናንዶ መንቀጥቀጥ የቫን ኖርማን ግድብን ካበላሸ በኋላ ውኃው ተቀነሰ። ጆን ሲምስ የሐይቁን ወለል ሲመረምር ሦስት የተበጠበጡ ንጣፎች አገኘ፤ ከ1930፣ ከ1952 እና ከ1971 መንቀጥቀጦች ጋር ገጠሙለት። ካሊፎርኒያ ነው፤ ብርድ ተጠርጣሪ ሊሆን አይችልም።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ከማሳዳ ግርጌ ባለው ነጭና ግራጫ ስስ ድርብርብ፣ ሊሳን በሚባለው፣ ከ70,000 እስከ 15,000 ዓመት ገደማ የነበረው ሐይቅ ደለሉን ትቷል። መንገዱ ዳር ቆማችሁ በጣት የሚለኩ ቀጥ ያሉ መስመሮችን ስታዩ በመካከላቸው በድንገት የተጠቀለሉ፣ እንደ ማዕበል የተጎነበሱ ይመጣሉ። ሽሙኤል ማርኮና አሞፅ አግኖን እነዚህን በሙት ባሕር ስምጥ ላይ ከተከሰቱ መንቀጥቀጦች ጋር አያይዘዋቸዋል። ከባሕር ጠለል በታች፣ በዚያ ሙቀት! ዓይናችሁን ብርድ በሌለበት ቦታ አሠልጥናችሁ ብርድ ወዳለበት ሂዱ፤ እኔ የሠራሁት በተቃራኒው ነበርና ዋጋ ከፈልኩበት።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ

ከሁለቱ አንዱን ምረጡ ሲባል ሰው ሦስተኛውን ይረሳል። የራሱ የደለሉ ክብደት ያለ አንዳች ነውጥ ለስላሳውን ያሰምጣል፤ በተለይ ጎርፍ በአንድ ሌሊት ወፍራም አሸዋ በጭቃ ላይ ከጣለ። ጥቁር አፈርን ያየ አገር ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ሌላውን ያውቀዋል። መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ የላዩ አፈር ይገባበታል፣ ዝናብ ሲመጣ አብጦ ይዘጋል። ከዘመናት በኋላ በጉድጓድ ግድግዳ ላይ የሚታየው ከላይ የተሞላ ስንጥቅና የቦካ ንጣፍ ነው፤ ብርድ ነክቶት አያውቅም። መለያው ሸክላው ላይ ነው፤ እርስ በርሱ ሲፋተግ የተወለወሉ፣ የሚያብለጨልጩ ገጾች ይተዋል።

በኢትዮጵያ ጥያቄው ራሱ በከፍታ ይወሰናል። በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ የብርድ ሽብልቅ አትፈልጉ፤ እዚያ ያሉት ተጠርጣሪዎች መንቀጥቀጥ፣ የቀለጠ አለት ግፊትና ውኃ ናቸው። ከከባድ ዝናብ በኋላ የሚከፈቱት ረጃጅም ስንጥቆች ብዙዎቹ ከሥር የነበረን ክፍተት ጎርፍ አጥቦ የገለጠው ናቸው፤ በዚያው ቀን መሬት ነቅነቅ ብሎ ከነበረ ጥፋቱ በእሱ ይላከካል። ብርድን ማየት የፈለገ ባሌ ይውጣ። ሳነቴ አምባ ላይ ከ3,800 ሜትር በላይ በወርድ እስከ 15 ሜትር፣ በርዝመት እስከ 1,000 ሜትር የሚደርሱ የድንጋይ መስመሮች ቁልቁለቱን ተከትለው ተኝተዋል። ዛሬ እዚያ ሌሊት ሌሊት የሚጥለው ውርጭ አፈሩን በጣት ቁመት ያነሳ እንደሆነ እንጂ እንዲያ ያለ አለት አይደረድርም። መስመሮቹ ከቀዝቃዛው ዘመን የቀሩ ናቸው።

ሁለቱም በአንድ ቦታ

ወደ ቤልጅየሙ ጉድጓድ ልመለስ። ያ አገር፣ የሩር ሸለቆ የሚባለው፣ ክርክሩ የሚበረታበት ቦታ ነው። በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ፐርማፍሮስት ነበረበት። ስብራቱም እስከ ዛሬ ሕያው ነው፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1992 የኔዘርላንድሷን ሩርሞንድ ከተማ የመታው መንቀጥቀጥ መጠኑ 5.4 ነበር፣ ሄርከንቦሽ አጠገብም አሸዋ ከመሬት ተፍቷል። በ1990ዎቹ በብሬ ከተማ አጠገብ ስብራቱን አቋርጠው ቦይ የቆፈሩት ባለሙያዎች ከብርድ ምልክቶች ጎን በመንቀጥቀጥ የፈሰሰ ደለል መዝግበዋል። ደግሞ የቀዘቀዘ መሬት አይፈስም፤ በረዶው አሸዋውን አስሮ ይይዘዋል። በዚያ ዘመን ብርዱ ጠንቶ ሳለ የተነሳ መንቀጥቀጥ ምንም ምልክት ላይተው ይችላል፤ ሲቀልጥ የተነሳ ትንሹ ግን ብዙ ያበላሻል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ «የትኛው ነው?» ከማለት «የትኛው ቀደመ?» ማለት ይሻላል። የቆረጠው ኋለኛ ነው፣ የተቆረጠው ቀዳሚ።

ያን ቀን ከሰዓት፣ ሽብልቁን አጽድቼ ፎቶ ሳነሳ ከግርጌው በስተግራ አንድ ሌላ ነገር ታየኝ። ጣት የማትሞላ ቀጭን የአሸዋ ጅማት ናት። ይህች ከታች ነው የመጣችው፤ ከኮረቱ በላይ ካለው አሸዋ ተነስታ፣ ሁለት የግራጫ ደለል ቁርጥራጭ ይዛ ወጥታ፣ ሽብልቁ ጋ ስትደርስ ተቆርጣለች። ለጠዋቱ ስህተቴ ካሣ ያገኘሁ መሰለኝና ወደ አስተማሪዬ ሮጥኩ። ጎንበስ ብለው አዩና «ከሽብልቁ ትቀድማለች። ግን አንድ ናት» አሉ። ሌላ ጅማት ፍለጋ እስኪመሽ ሦስት ግድግዳ ፋቅን፤ አላገኘንም። ማስታወሻዬ ላይ «የመሬት መንቀጥቀጥ» የሚለውን ሰርዤ ለትልቁ «የበረዶ ሽብልቅ» ብዬ ጻፍኩ፣ ለትንሿ የጥያቄ ምልክት። ምልክቱ እስካሁን እዚያው አለ።